የማይቆሽሽ ውሃ

ሊፍቱ ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ የምኖር፣ ከጡረታ ወዲህ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ የሚሄድ ሰው ስለሆንኩ ደረጃውን የምወጣው በየፎቁ እያረፍኩ ነው። በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ አንዲት ወጣት ቀይና ሰማያዊ ባልዲ ደራርባ፣ የታጠፉ ጨርቆች የሞሉት ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ከኋላዬ ደረሰች።

«ደህና አደሩ ጋሼ? አክስቴ እዚህ ሕንፃ ላይ ቤት ታጸዳለች። የቤቷን ቁልፍ ረስታ ወጥታ ላደርስላት ነው። የመምህሩን ቤት ያውቁታል?»

«የቱን መምህር?»

«ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩትን። ባለቤታቸው ሆስፒታል የተኙባቸውን።»

«እሱንማ በደንብ አውቀዋለሁ» አልኳት። «ትንፋሽ አጥሮት ፊትሽ ቆሟል።»

ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ አመለጣት። በእጄ የነበረውን የመድኃኒት ከረጢት ተቀብላኝ አብረን መውጣት ጀመርን። እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመኝ ምላሴ ይፈታል፤ በልቤ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ባለቤቴ በሳምባ ሕመም ስድስት ሳምንት ተኝታ ሐሙስ ልትወጣ ነው። ዶክተሩ ግን በዚያው ጠዋት አስጠንቅቆኛል፤ «ሳምባቸው ገና አልጠነከረም። አቧራና ኃይለኛ ሽታ እንዳይደርስባቸው። በረኪና በሚሸትበት ቤት ካስገቧቸው በሳምንቱ መልሰው ያመጡልኛል» ብሎኛል።

የልጅቷን አክስት ደግሞ የሕንፃው ሰው ሁሉ «እማማ በረኪና» ነው የሚላቸው። ሽታው ከምድር ቤት ሲጀምር የማን ቤት ተራ እንደደረሰ እንኳ የሚለዩ አሉ። እርሳቸው በስሙ አይከፉም፤ እንዲያውም ይኮሩበታል። ቤታችንን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድተዋል። ልጆቻችን እጃቸው ላይ አድገው ከቤት ወጥተዋል። እንዲህ ያለን ሰው በምን አፌ «አይምጡ» ልበል? ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ተነሥቼ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ተመልሻለሁ።

«ዛሬ ግን ቁርጡን ልነግራቸው ነው» አልኳት። «ባለቤቴ እስክትጠነክር ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ልጅቷ ደረጃው ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ አክስቴን ከዚህ ቤት ካስወጧት ሰው አትሆንም። እኔን ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በዚሁ ሥራ ነው። አሠራሯ ይለወጥ እንጂ እሷ አትለወጥ። እኔ የማሰለጥነው የቤት ጽዳት ሠራተኞችን ነው፤ ሥራቸውንም እየዞርኩ እፈትሻለሁ። አንድ ጠዋት ይስጡኝ።»

«ታዲያ ሰው ስታሰለጥኚ አክስትሽን ምነው ዘለልሻት?»

«ሞክሬ ነበር። ‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም› አለችኝና ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው።»

ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ሽታው ተቀበለን። አራተኛ ፎቅ ደርሰን በሩን ስከፍት እማማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ዓይናቸው ደም መስሎ፣ ፊታቸው ግን በደስታ እያበራ ከኮሪደሩ ብቅ አሉ።

«እንኳን መጡ መምህር! እትዬ ሐሙስ ይመጣሉ ስላሉኝ ዛሬ በረኪናውን እጥፍ አድርጌላቸዋለሁ። ሽንት ቤቱንማ አሲዱንና በረኪናውን አንድ ላይ ደፍቼበት እንደ መስታወት አድርጌዋለሁ! አንቺ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ?»

ልጅቷ ባልዲዎቿን ጥላ አፍንጫዋን በክንዷ ሸፍና ሮጠች፣ የሽንት ቤቱን መስኮት በርግዳ ከፈተች፣ በሩን ከውጭ ዘጋች፣ አክስቷን በክንዳቸው ይዛ ወደ በረንዳ አወጣቻቸው። እኔም ተከተልኳቸው።

«ምን የሚሉት ጉድ ነው ይሄ?» አሉ እማማ። «ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አክስቴ፣ ዓይንሽ ለምን ያለቅሳል?»

«ስለጸዳ ነዋ! ዓይን ካላስለቀሰ ምኑን ጸዳ?»

«እንግዲህ መምህር ይፍረዱ። አሲድና በረኪና ሲቀላቀሉ ምን ይወጣል?»

ሃያ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ነገር ነው። ተማሪ ሲሳሳተው እቆጣ ነበር። «ክሎሪን ጋዝ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «መርዝ ነው እማማ። በጦርነት ሰው ፈጅተውበታል።»

እማማ አተኩረው አዩኝ። «መርዝ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምነው ሳይነግሩኝ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ሽታው ሲጀምር ጋዜጣዬን አጥፌ ወደ ካፌው እወርድ ነበር። የገዛ ቤቴ ባልዲ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ዝቅ ብዬ አላየሁም።

«እርስዎ እየወረዱ፣ እኔ እዚያ ውስጥ እየሳልኩ» አሉ እማማ። ንግግሩ ቁጣ አልነበረበትም፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያመኛል። አንባቢዬ ሆይ፣ እውቀት ከሰሌዳ ወርዶ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ካልገባ ለማን ይጠቅማል? እኔ የተማርኩት ሰውዬ በዚያች በረንዳ ላይ ያነስኩትን ያህል በሕይወቴ አንሼ አላውቅም።

«እሺ፣ አሲዱ ይቅር» አሉ እማማ። «መርዝ ከሆነ አልነካውም። በረኪናዬን ግን አትንኩብኝ። በረኪና ያለበት ውሃ አይቆሽሽም። ለዚህ ነው አንድ ባልዲ የሚበቃኝ።»

«ከየት ትጀምሪያለሽ?» አለች ልጅቷ።

«ከሽንት ቤት። ከባዱን አስቀድሜ እገላገላለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት፣ ከዚያ ሳሎን፣ መጨረሻ መኝታ ቤት።»

«በአንድ ውሃ?»

«በአንድ ውሃ።»

«በአንድ ጨርቅ?»

«ጨርቁስ በረኪና ውስጥ እየገባ እየወጣ ምን ቆሻሻ ይይዛል ብለሽ ነው?»

የራስጌ ኮመዲኖዬ ትዝ አለኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሴን በየቀኑ አውልቄ የማስቀምጠው እዚያ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ በረኪናም እንደ እኛ ነው፤ ይደክማል» አለች ልጅቷ። «ቆሻሻ ባገኘ ቁጥር ጉልበቱን እዚያው ላይ ይጨርሳል። የሽንት ቤቱ ወለል ላይ ካለቀ፣ መኝታ ቤት የሚደርሰው ሽታውና አንቺ የተሸከምሽው ቆሻሻ ብቻ ነው። ሽታ ደግሞ ምንም አያጸዳም። መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ቆሻሻው ይነሣል። ከዚያ ጀርም መግደል የግድ ካስፈለገ ብቻ በረኪናው በልኩ ተበጥብጦ ይቀባል፣ ዕቃው ላይ ጽሑፍ አለ፣ የታዘዘውን ያህል ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቀለቃል። አንቺ ግን ቀብተሽ ሳትጨርሺ ትጠርጊዋለሽ። ሥራውን ሳይጀምር ታባርሪዋለሽ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!» አሉ እማማ። «ጽሑፍ፣ ደቂቃ፣ ልክ! ይሄ የወረቀት ጽዳት ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሳጸዳ ማን ታመመ?»

የባለቤቴ ሕመም ከየት እንደመጣ ዶክተሩም አላወቀም፤ ማንም ጣቱን በእማማ ላይ አልቀሰረም። ቢሆንም ጥያቄው ከአፋቸው እንደወጣ ራሳቸው ደነገጡ፣ አንገታቸውንም ደፉ።

«እንዲህ ተከራክረን አንጨርስም» አልኩ። «ዓይን ይፍረድ። የእኛን መኝታ ቤት እማማ ዛሬ ጠዋት ጨርሰዋል። የልጆቹ ክፍል ገና አልተነካም፤ እሱን ልጅቱ በራሷ መንገድ ታጽዳው። ከዚያ ሁለቱን እናያለን።»

ሽታው እስኪወጣ ጠብቀን ገባን። ልጅቷ ጓንቷን አጠለቀች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ከበሩ ቀኝ ጀምራ መዞር ያዘች። መጀመሪያ የኮርኒሱን ጥጋ ጥግ፣ ከዚያ የመጋረጃውን ዘንግ፣ ከዚያ የቁም ሳጥኑን አናት፣ እንዲህ እያለች ወደ ታች። ላባ መጥረጊያ አልያዘችም። ጨርቋን በጥቂቱ አርጥባ ሁለት ጊዜ አጠፈችውና አንዱ ፊት ሲያድፍ ወደ ሌላው ትገለብጣለች። አንዱን ጨርቅ እንዲህ ስታጥፈው ስምንት ንጹሕ ፊት እንደሚኖረው የቆጠርኩት ያን ቀን ነው።

እማማ በሩ ላይ ቆመው እንደ ኳስ ጨዋታ ዘጋቢ ሁሉን ይከታተሉ ነበር።

«ወለሉን ለመጨረሻ ተወችው? ቤት እኮ በወለሉ ነው የሚታየው! እኔ መጀመሪያ ወለሉን አጥቤ ነው ላባዬን የማነሣው።»

«አክስቴ፣ ከላይ የተራገፈ አቧራ የት ይወድቃል?»

እማማ ወደ ባልዲዎቹ ጠቆሙ።

«ሁለት ባልዲስ ምን ይሠራል? ውሃ ለማባከን ነው?»

«ሰማያዊው የሳሙና ውሃ ነው። ቀዩ መወልወያው የሚለቀለቅበት ነው። ቆሻሻው ቀዩ ውስጥ ይቀራል፣ ሰማያዊው ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል። አሁን ነይ፣ ቀዩን እይው።»

እማማ ዝቅ ብለው አዩ። ውሃው ጠቁሯል። ሰማያዊው ባልዲ ግን እስከ ታችኛው ወለሉ ድረስ ይታያል።

ልጅቷ ወደ ኋላዋ እየሄደች ወልውላ በበሩ ወጣች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። እማማ መኝታ ቤቱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት እንደፈጀባቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ልጅቷ እንዳስረዳችኝ ሰዓቱን የሚበላው ድግግሞሹ ነው፤ ወለል ያጠበ ሰው አቧራ ሲያወርድበት መልሶ ያጥባል፣ ጨርቅ ፍለጋ አራት ጊዜ ይመላለሳል።

ከዚያ መኝታ ቤት ገባን። ልጅቷ መጋረጃውን ዘጋችና የእጅ ባትሪ አብርታ ወለሉ ላይ በጎን አስተኛችው። ብርሃኑ ወለሉን እየታከከ ሲሄድ፣ ቆመን ስናየው ያብለጨልጭ የነበረው ሴራሚክ ሌላ ሆነ። አልጋው ሥር አቧራው ተኝቷል፣ መሃሉ ላይ የደረቀ ውሃ መስመር ሠርቷል። ኮመዲኖው መስታወት ላይ ጣቴን ሳሳርፍ የደረቀ በረኪና ነጭ ዱቄት ይዤ ተነሣሁ። የልጆቹ ክፍል ገብተን ባትሪውን ስናስተኛ ግን ብርሃኑ ምንም ሳያገኝ ግድግዳው ድረስ ሄደ።

እማማ ተመልሰው የባለቤቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ አልጋ ላይ ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

«እንግዲህ አለቀልኝ ማለት ነው» አሉ።

«ምን ሆነሽ አክስቴ?»

«ተይኝ። አንቺ ወረቀት አለሽ፣ ዝርዝር አለሽ፣ እያየሽ ምልክት ታደርጊያለሽ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ወረቀት በገባበት ቤት እኔ እወጣለሁ። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ ስትይኝ ምን ልልሽ? ለዚህ ነው ሬዲዮውን ከፍ ያደረግኩት። በረኪናውን ወድጄው መሰለሽ? ሽታው ሲወጣ ሰው ሁሉ ‹እማማ ጥሩ ሠራች› ይላል። ሌላ ምስክር የለኝም።»

ልጅቷ እግራቸው ሥር ተንበረከከች፤ እንባዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ ለደብተሬ ብለሽ የራስሽን የተውሽው። አሁን ስሚኝ። መስፈርት ማለት ወረቀት አይደለም። ማንም ቢያጸዳው፣ በየትኛውም ቀን ቢጸዳ፣ ቤቱ ያው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከበሩ ቀኝሽን ይዘሽ ዙሪ። ከላይ ወደ ታች ውረጂ። ደረቁን አስቀድሚ፣ እርጥቡን አስከትዪ። ከንጹሑ ክፍል ጀምረሽ በሽንት ቤት ጨርሺ። ቀይ ጨርቅ ከሽንት ቤት አይወጣም፣ ሰማያዊ ጨርቅ እዚያ አይገባም። ስትጨርሺ ባትሪውን አስተኝተሽ እዪ። ይሄን ለማወቅ ፊደል ያስፈልጋል?»

«ቀለምማ እለያለሁ» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

«የበረኪናውን ልክ ደግሞ እኔ ኩባያው ላይ መስመር አሰምርልዎታለሁ» አልኩ። «ልክ መለካት የእኔ ሙያ ነበር። ቢዘገይም ይኸው ልሥራበት። ጽሑፉን እንዲያነቡ ደግሞ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ፊደሉን አብረን እንቆጥራለን።»

እማማ ተነሡ። ባትሪውን ከልጅቷ እጅ ተቀብለው «እስቲ ያንቺንም በደንብ ልየው» ብለው ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዱ። ወለሉን አላዩም። ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው የበሩን አናት በጣታቸው ጠረጉና ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር አመጡላት። ጥቁር ነበር።

«ይሄስ? ሰማይ ቤት ነው የሚጸዳው?»

የልጅቷ ፊት ቀላ። «የበሩን አናት... ረሳሁት።»

«ሠላሳ ዓመት የበር አናት ረስቼ አላውቅም!» አሉ እማማ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያጣሁት ሳቃቸውም መጣ። «የማብሪያ ማጥፊያውን ጎንም እይው፤ የሰው ጣት ቀርቶበታል። አንቺ ሥርዓቱን ታውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ ቆሻሻ የት እንደሚደበቅ አውቃለሁ።»

«እኔም የምፈልግሽ ለዚህ ነው» አለች ልጅቷ።

ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። እማማ የድሮውን ጨርቅ ራሳቸው ጠቅልለው ጣሉት። ሮብ ዕለት ሁለቱም መጥተው ቤቱን እንደ አዲስ ጀመሩ። መስኮቶቹ ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ዋሉ። እኔም ጋዜጣዬን ትቼ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን አጸዳሁ። እማማ ባትሪ ይዘው መጥተው «መምህር፣ ዝቅተኛ ውጤት ነው፤ ይድገሙት» አሉኝና ደገምኩት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረቤቶች ባለቤቴን በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወጧት። እማማ ሳሎኑ መሃል እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዙሪያዋን አየችና አየሩን አሸተተች።

«ቤቱ ምንም አይሸትም» አለች።

ሽታ ብቸኛ ምስክራቸው ለነበረ ሴት የፈራሁት ይህንን ነበር። እማማን አየኋቸው። እርሳቸው ግን የሁለት ቀን ተማሪ ሳይሆኑ የነገሩ ፈልሳፊ ራሳቸው የሆኑ ይመስል አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አዎን እትዬ፣ አይሸትም። ንጹሕ ቤት አይሸትም። ሽታ ጽዳት አይደለም፤ በጀርም ላይ ሳይሆን በእኔና በእርስዎ ሳምባ ላይ ነው የሚሠራው። አሁን ለየክፍሉ ጨርቅ አለኝ፤ የሽንት ቤቱ ከመኝታ ቤቱ አይገናኝም። አቧራው ከላይ ወደ ታች በእርጥብ ጨርቅ ይነሣል እንጂ በላባ ተራግፎ እርስዎ ላይ አይመለስም። አሲድና በረኪና እዚህ ቤት ዳግመኛ አይገናኙም። ሥራውም ባጠረ ጊዜ ያልቃል፣ ወገቤም አይቆረጥም። ካላመኑኝ ባትሪ ላምጣልዎት።»

ልጅቷና እኔ ተያየን። ከሁለት ቀን በፊት «የወረቀት ጽዳት» ያሉት ሴት ናቸው።

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና አየር ሳበች። በቀስታ፣ እስከ ሳምባዋ ሥር ድረስ። ስድስት ሳምንት እንዲህ ስትስብ ሳል መንገድ ላይ ይቆርጣት ነበር። አልሳለችም። ደግማ ሳበች። ከዚያ የእማማን እጅ ያዘች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይቀየሙኝ። ሽታው ዓመታት ሙሉ ያፍነኝ ነበር። እርስዎ የሚመጡ ቀን ጎረቤት እየሄድኩ የምቀመጠው ለዚያ ነው። እንዳይከፋዎት ብዬ ዝም አልኩ። ሆስፒታል ተኝቼም ያስጨነቀኝ ይሄው ነበር፤ ቤቴ ስመለስ ወይ ትንፋሼን ወይ እርስዎን ማጣቴ ነው ብዬ።»

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ባለቤቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የእህታቸውን ልጅ አዩ።

«ታዲያ ሁላችንም እናውቅ ነበር!» አሉ። «መምህር እንዳይከፋኝ ብለው ካፌ፣ እትዬ እንዳይከፋኝ ብለው ጎረቤት። እኔም ሳሌን ደብቄ ‹ጉንፋን ነው› እላለሁ። ወይ ጉድ! በይሉኝታ ልንተላለቅ ነበር እኮ!»

ባለቤቴ ሳቀች፤ ሳቋም ሳይቆረጥ ሄደላት። እማማ ግን ሳይስቁ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና «ከዛሬ ጀምሮ የሚያፍን ነገር ካለ ይነገረኝ» አሉ። «እኔም እናገራለሁ።»